አራስ ቤት የገባው መርዶ

ሎንዶን፣ ጠዋት ነው። ከካሌዶኒያን ሮድ ወረድ ብሎ ባለው ቦይ ላይ ጀልባውን ቤት አድርጎ የሚኖር አንድ ሰውዬ፣ የሆነ ነገር የጀልባውን ጎን እያንኳኳ አላስተኛ አለው። ግንድ መስሎት በእንጨት ሊገፋው ወጣ።

ግንድ አልነበረም። ሴት ናት። ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። አንዱ እግሯ ጫማ የለውም።

ሳጅን ሰሎሜ ደርሳ ፊቷን ስታይ ክው አለች። ሰሎሜ ብሪክስተን ያደገች፣ በዚያ የፖሊስ ክፍል ያለች ብቸኛ ሐበሻ ናት። ሟቿን ደግሞ የዊልስደን ሐበሻ በሙሉ ያውቃታል። እትዬ እታለማሁ! ዕድሜ ልኳን ሆስፒታል ስታጸዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ሰው ለቅሶ ሲቀመጥ ከሁሉ ቀድማ ድስት የምትጥድ ሴት።

«ታውቂያታለሽ?» አላት አለቃዋ።

«አውቃታለሁ። ጥፍሮቿን እያቸው፤ ተሰባብረዋል። ድንጋዩን ቧጥጣ ልትወጣ ታግላለች።»

«ወድቃ ሊሆን ይችላል።»

«ደረቷ ላይ ያለውን ምልክትስ? ሰው ገፍቷታል።»

አለቃዋ ጎንበስ ብሎ ምልክቱን አየው። ሰሎሜን ግን ሌላ ነገር ጨንቋታል። የእታለማሁ ልጅ ኪዲ ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ኪዳነማርያም ወሬውን ከሰሎሜ እንደሰሙ መጀመሪያ ያነሱትም ይህንኑ ነው።

«ልጄ፣ ለአራስ መርዶ አይነገርም።»

«ጋሼ፣ ሕጉ ለቅርብ ዘመድ አሳውቁ ይላል።»

«ለባሏ ንገሪ! ዮኒ ይወቅ። እሷ ግን ገና አጥንቷ አልገጠመም። ወተቷ ቢደርቅስ? ልቧ ቢቆምስ? ትንሽ ትበርታ፤ ከዚያ ሽማግሌ ሰብስበን በወጉ እናረዳታለን።»

«እናቷን ስትጠይቅስ ምን ይባላል?»

«ጉንፋን ይዟታል፣ ሕፃኗ ላይ እንዳታስተላልፍ ነው እንላለን።»

የኪዲን ስልክም ለአራስ ዓይን ጥሩ አይደለም ብለው ወሰዱባት። ሰሎሜ አለቃዋን ለምና የሟቿ ስም ለጋዜጣ እንዳይሰጥ አስደረገች። ጋዜጣው «አንዲት ሴት» ብሎ አለፈው። ሐበሻው ሁሉ አፉን ዘጋ። ወሬ የማያድርበት ዊልስደን እንኳ መርዶ ሲሆን ይችልበታል።

ሰሎሜ መጀመሪያ የሄደችው ካሌዶኒያን ሮድ ሱቅ ወዳለው ጋሻው ነው። የእታለማሁ የአክስት ልጅ ነው። በሞተችበት ቀን ሱቁ በር ላይ እንደጮኸባት የሰሙ አሉ። እጁም ተቧጥጧል።

«ጮኸህባታል?»

«ጮህኩባት። እህቴ አይደለችም እንዴ? ብጮህባትስ?»

«ምን ብለህ?»

«የሞተ ፈረንጅ አጥንት ምን ይሠራልሻል አልኳታ! ‹ዘመዶቼን አገኘሁ› ትላለች። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ! አንቺ የማን ዘመድ ነሽ አልኳት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእታለማሁ አያት እንግዳወርቅ በወጣትነቷ አዲስ አበባ፣ እንግሊዞች ቆንስላ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ከአንድ ወጣት ዲፕሎማት አረገዘች። ሰውየው ልጁን ታቅፎ አይቶ፣ ሻንጣውን ሸክፎ ሎንዶን ገባ። ልጁ ጥላዬ ይባላል፤ የእታለማሁ አባት። በእናቱ አባት ስም ሲጠራ አደገ። ሰፈር ውስጥ «የማን ልጅ ነህ?» በተባለ ቁጥር አንገቱን እንደደፋ ኖሮ እንደደፋ ሞተ።

ባለፈው ዓመት ኪዲ ለእናቷ ልደት ያንን በምራቅ ዘር የሚቆጥረውን ምርመራ ገዛችላት። ውጤቱ ጉድ አወጣ። እታለማሁ የሎርድ ታርቪን ቤተሰብ ናት፤ ያ ዲፕሎማት የአሁኑ ሎርድ አያት ነው! ከአያት እስከ ልጅ ልጅ አምባሳደር ብቻ የሚወልድ ቤት። ብር አልጠየቀችም፣ ርስት አልጠየቀችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፦ ቤተሰቡ ሊያሳትመው ባለው የዘር ሐረግ መጽሐፍ ላይ ጥላዬ ከአባቱ ሥር ተጽፎ ማየት። «አባቴ አንድ ቀን እንኳ የሰው ልጅ ይባል» ትል ነበር።

«እጅህን ምን ነካው?» አለች ሰሎሜ።

«የቲማቲም ሳጥን።» ጋሻው ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ካሜራውን ቼክ አድርጊ። ሱቄን እስክዘጋ ንቅንቅ አላልኩም። ይልቅ አንቺ፣ ያንን መጽሐፍ የሚጽፈውን ሰውዬ ያዢው።»

ካሜራውን አየች። እውነቱን ነው።

የዘር ሐረጉን የሚያጠናው ሰውዬ ሌዊ ይባላል። እዚያው መንገድ ላይ ይኖራል፤ መስኮቱ ወደ ቦዩ ይከፈታል። ሰሎሜ «እታለማሁ ጠፍታለች፣ እየፈለግናት ነው» አለችው እንጂ መሞቷን አልነገረችውም።

«ደውለህላታል?»

«አልደወልኩም።»

«ስልኳ ላይ የመጨረሻው ጥሪ ያንተ ነው።»

ሌዊ ፊቱ ቀላ። «የጥናቴን ውጤት ለእሷ መንገር በውሌ የተከለከለ ነበር። ሎርድ ታርቪን ቢያውቅ ያባርረኛል ብዬ ነው። ያን ቀን ከሰዓት ወደ እኔ ልትመጣ ነበር፤ ሳትመጣ ቀረች።»

«መጽሐፉን አሳየኝ።»

ገለጠችው። አምባሳደር እገሌ አምባሳደር እገሌን ወለደ። ቆንስል፣ ሚኒስትር፣ የንጉሥ መልእክተኛ። በየገጹ ደረቱ በኒሻን የተሞላ ሰው። መጨረሻው ላይ ለብቻው አንድ ምዕራፍ አለ፤ የቤተሰቡ ውሾችና ፈረሶች! በየስማቸው፣ ከነተወለዱበት አገር። ከመካከላቸው ዓይኗ አንዱ ላይ ወደቀ። «ቡቺ። አዲስ አበባ የተወለደ። ታማኝ። ከጌታው ጋር ወደ ሎንዶን መጣ።»

«ውሻውን ይዞት መጥቷል?» አለች ሰሎሜ።

«አዎ።»

«ውሻው መጽሐፉ ላይ አለ። ልጁስ?»

«ሎርዱ አልፈቀደም» አለ ሌዊ፣ ወለሉን እያየ።

ሰሎሜ መጽሐፉን ዘግታ እጇን በሱሪዋ ጠረገች።

አለቃዋ ግን ደስ አለው። «ዋሽቷል፣ ቤቱ ቦዩ ላይ ነው፣ የምትሄደውም ወደ እሱ ነበር። ሌዊን እንያዘው።»

«የእንጀራ ፍርሃት ነው እንጂ የነፍሰ ገዳይ ፍርሃት አይመስልም።»

«ይመስላል አይመስልም የሚል ሕግ የለም። ነገ ይያዛል።»

በማግስቱ ሰሎሜ ወደ ኪዲ ቤት ሄደች። እናቷ ማንን ልታገኝ እንደነበር አዙራ ልትጠይቃት ነው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«አሜን፣ ሰሉ። ኧረ ስልኬን አስመልሺልኝ። እማዬን ልደውልላት ስል ሁሉም ሰው ዊርድ ይሆንብኛል፤ ዓይኑን ያሸሻል።» ሕፃኗን እያጠባች ትስቃለች። «ምን ዓይነት ጉንፋን ነው? በመስኮት እንኳ አይታት አትሄድም?»

አቶ ኪዳነማርያም ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያሻሻሉ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች በአንድ ጊዜ ጓዳ ውስጥ ሥራ አገኙ።

በሩ ተንኳኳ። ዮኒ ከፈተ።

አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቆሟል። ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ክራቫት፣ እጁ ላይ ነጭ አበባ። ጥርት ያለ፣ የተተኮሰ ሰው። ማንም ግባ ሳይለው ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

«ውይ፣ ልጄን ሊጠይቅ የመጣ ነው?» አለች ኪዲ አበባውን አይታ። «እንዴት ያምራል!»

ሰውየው ከፊቷ ቆሞ አንገቱን በልክ ዝቅ አደረገ።

«ታርቪን እባላለሁ። በእናትዎ ኅልፈት የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን በራሴና በቤተሰቤ ስም ልገልጽ መጥቻለሁ።»

ኪዲ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«የማን እናት?»

አቶ ኪዳነማርያምን አየች፤ መሬት መሬት ያያሉ። ሰሎሜን አየች። ሰሎሜ እያለቀሰች ነው።

ያንን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ በር ከፈተ። ሴቶቹ ሕፃኗን ከእቅፏ ነጠቁ። ኪዲ ፀጉሯን ይዛ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሎርዱ አበባውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ይፈልጋል። የአዛኝ ቅቤ አንጓች! አንቱ ልበለው ብል ምላሴ እምቢ ብሎኛል፤ አንተ ራሱ ይበዛበታል።

ሰሎሜ እንባዋን ጠርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ሎርድ ታርቪን፣ የትም አይሄዱም። ፖሊስ ነኝ።»

ምርመራ ክፍል ውስጥ ከጠበቃው ጎን እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት፤ ቀመሰና ገፋው።

«መሞቷን ማን ነገረዎት?»

«ጋዜጣ ላይ አነበብኩ።»

«ጋዜጣው ስም አልጻፈም።»

«እንግዲያው ሌዊ ነው።»

«ለሌዊ ጠፋች እንጂ ሞተች ብለን አልነገርነውም።»

«ከእናንተ ሰዎች አንዱ ይሆናላ።»

«ከእኛ ሰዎች?» ሰሎሜ ወንበሯን ሳበች። «ሎርድ ታርቪን፣ እኛ ዘንድ መርዶ በወጉ እስኪነገር ድረስ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ለአራስ ሲሆንማ ግድግዳም አይሰማም። የራሷ ልጅ አታውቅም ነበር። እኛና ቤተሰቧ ደብቀነዋል። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የገደላት።»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ።

«ለምን መጡ? ቤትዎ ቢቀመጡ ማን ያውቅብዎት ነበር?»

«ቤቴ ሻይ ጠጥታለች። ሐዘን አለመድረስ ነውር ነው። አባቴ ከጠላቱ ቀብር እንኳ ቀርቶ አያውቅም።»

ወይ ጉድ! ነውርም ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ የፖሊስ ጠላቂዎች ከቦዩ ሥር አንድ ከዘራ አወጡ። እጀታው ብር ነው፤ የታርቪን ቤት ዓርማ ተቀርጾበታል። ሰሎሜ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጠበቃው ጆሮው ላይ አንሾካሾከለት። ሎርዱ በእጁ ከለከለው። ከዚያ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው፣ ድምፁን ሳያነሳ ሳይጥል ተናገረ።

«ወደ ሌዊ ስትሄድ አገኘኋት። በእግራችን እየሄድን እንነጋገር አልኳት፤ በቦዩ ዳር ወረድን። አባቷን ከአሳዳጊዎችና ከአገልጋዮች ተርታ ልጽፈው ፈቃደኛ እንደሆንኩ ነገርኳት።»

«ከውሾቹ በፊት ነው በኋላ?»

«እባክዎን» አለ ጠበቃው።

«እሷስ ምን አለች?»

«እምቢ አለች። ግን አልተቆጣችም።»

«ሰውየው፣ ያልገባኝ ነገር አለ። ጥላዬ ተጻፈ አልተጻፈ እርስዎ የሚያጡት ምንድን ነው? ማዕረግ?»

«ምንም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ አይወርስም።»

«ታዲያ ለምን?»

ሎርድ ታርቪን መሀረቡን አውጥቶ ጉንጩን ጠረገ። ጉንጩ ላይ ምንም የለም።

«ሳመችኝ» አለ።

ጠበቃው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ይህንን ጉንጭ፣ ያንን ጉንጭ፣ ደግሞ ይህንን። ‹ወንድሜ› አለችኝ። ‹አንተ ባትወደኝም የአጎቴ ልጅ ነህ፣ ወንድሜ ነህ› አለችኝ። የምግብ ሽታ፣ የቅቤ ሽታ አላት። ገፋኋት። እኔ የገፋሁት ከላዬ እንድትነሳ ነው።»

«ወደቀች።»

«ወደቀች። ከዘራዬን ዘረጋሁላት፤ ሳላስበው ነው። ያዘችው።»

«ከዚያስ?»

«እየሳብኳት ‹ወንድሜ፣ ወንድሜ› ትላለች። ከወጣች ነገ ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ከነገ ወዲያ የልጇን ልጅ። በየግብዣው፣ በሰው ፊት፣ ወንድሜ እያለች። ለቀቅኩት።»

«ከዘራውን?»

«ከዘራውን። ዋና አትችልም ነበር።»

ሰሎሜ ተነሳች። በመተላለፊያው እየሮጠች መጸዳጃ ቤት ገብታ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣች። ስንት ሬሳ አይታለች፣ ስንት ወንበዴ መርምራለች፤ ለብር የገደለ፣ ለቅናት የገደለ። እህት ብትስመው ተጸይፎ የገደለ አይታ አታውቅም። ቱ! ፊቷን ደጋግማ ታጠበች፤ አልጠራላትም።

እታለማሁ ተቀበረች። ኪዲ ከነአራስነቷ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት መቃብሩ አፍ ላይ ቆመች። «ያን ምርመራ የገዛሁላት እኔ ነኝ» እያለች ደረቷን መታች። ወተቷ ለቀናት ደርቆ ሕፃኗ በጡጦ ሰነበተች።

ሎርዱ ከተፈረደበት በኋላ ሌዊ ዊልስደን መጣ። የሎርዱ እህት ልካው ነው። ቤተሰቡ እጅግ አፍሯል፤ መጽሐፉ ይታረማል፣ ጥላዬም እታለማሁም ከነዘራቸው በክብር ይጻፋሉ አለ። አቶ ኪዳነማርያምና ሰሎሜም እዚያው ነበሩ።

ኪዲ ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገች። ሰሎሜ፣ ኪዲ እናቷ የሞተችለት ነገር መጣላት ብላ አሰበች።

«ጻፍ» አለች ኪዲ። «ይቺ የኔ ልጅ ናት። እኔ የእታለማሁ ልጅ ነኝ። እታለማሁ የጥላዬ ልጅ ናት። ጥላዬ የእንግዳወርቅ ልጅ ነው።»

ሌዊ እየጻፈ ተከተላትና ቀና አለ። «የጥላዬ አባትስ?»

አቶ ኪዳነማርያም ኪዲን አዩዋት። አባት ዘሎ በእናት መቁጠር በእኛ ወግ የለም። ግን አላረሟትም።

«በእሱ በኩል የምንቆጥረው ሰው የለንም» አለች ኪዲ። «ይህን የጻፍከውን ለእኛ ተውልን፤ መጽሐፋቸው ላይ ግን እንዳትጽፈን።»