የመኝታ ክፍሉ ብቻ

መርል ታከት የሞተው በገዛ አልጋውና በገዛ ቁም ሳጥኑ መካከል ተጨፍልቆ ነው። መርማሪ ኢኔዝ ኮርቤት ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም። የአሪዞና በረሃ ነፋስ ሟቹ የሚኖርበትን ተሽከርካሪ ቤት እንደ ባዶ በርሜል ያንኳኳዋል።

በዚያ ሰፈር እንዳሉት ሁሉ ይኸም መኪና የጡረተኞች ቤት ነው። ሲቆም ሳሎኑና መኝታ ክፍሉ በሞተር እየተገፉ ወደ ጎን ይወጣሉ፤ ጉዞ ሲታሰብ ወይም ነፋስ ሲያይል ተመልሰው ይገባሉ። መርል ወገቡን ስለሚያመው ከምሳ በኋላ በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል ባለችው ጠባብ ወለል ላይ በጀርባው ይጋደም ነበር። ዛሬ እንደተጋደመ አልጋው መጣበት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ ታናሽ ወንድሙ ክሊት፣ ገና ሳትጠይቀው። የራሱ ሚስት ከሞተችበት ወዲህ በመርልና በሚስቱ በቦኒ ሳሎን ሶፋ ላይ የሚያድር ሰው ነው። «ነፋሱ ሲብስ ክፍሎቹን ላስገባ ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ። መርል ውጭ ያለ መስሎኝ።»

«የትኛውን ቁልፍ?»

«‹ሁሉም› የሚለውን ነዋ! አንድ በአንድ ማን ሲለቅም ይውላል?»

«ሲጮህ አልሰሙትም?»

«በዚህ ነፋስ? የራሴንም ድምፅ አልሰማ።»

ኢኔዝ ዙሪያውን አየች። ሳሎኑ እስከ መጨረሻው ወደ ውጭ እንደተገፋ ነው። ቢገባ ኖሮ ገፍቶ የሚጥለው የሸክላ ማሰሮ ቁልቋሉን እንደያዘ ወለሉ ላይ ቆሟል። ከበሩ በላይ የተዘረጋው የሸራ ጥላ ደግሞ በነፋሱ እየተርገበገበ ሊቀደድ ደርሷል። ነፋስ የፈራ ሰው ከሁሉ በፊት እሱን ነበር የሚጠቀልለው።

ጎረቤቱ ዱዌይን ፐርስል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቃት። ትናንት ከመርል ጋር መጣላቱን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

«በጄኔሬተሩ ጩኸት ተጣልተናል፣ አልክድም። ‹አንድ ቀን አንቅሃለሁ› ብዬዋለሁ። ሰው ለጎረቤቱ የማይለው ምን አለ?»

«ከሰዓት የት ነበሩ?»

«መኪናዬ ስር በጀርባዬ ተኝቼ። ክፍሎቻቸውን የሚገፋው ሞተር ከጆሮዬ እዚህ ድረስ ነው።» ክንዱን ዘረጋላት። «ሲያጉረመርም ሰማሁት።»

«እየቆመ፣ እየተነሳ?»

«ኧረ የለም! አንዴ ጀመረ፣ ሳያቋርጥ ሄደ፣ ከዚያ አቃሰተና ዝም አለ።» ጨርቁን ኪሱ ከተተ። «ቦኒ ግን አሳዘነችኝ። ጠዋት እዚያ አጥሩ ጋ ብቻዋን ቆማ ‹ሮዲ፣ ሮዲ› እያለች ታለቅስ ነበር። አሁን ደግሞ ይኸ ተጨመረባት።»

የሟቹ ሚስት ቦኒ የልብስ ቅርጫት ታቅፋ ከመኪናው ጥግ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበርኩ። ስመለስ ክሊት ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።»

«ይስጡኝ፣ ልርዳዎት» አለችና ኢኔዝ ቅርጫቱን ተቀበለቻት። ልብሱ በወግ ታጥፏል። ከላይ ያለው ሸሚዝ ግን አንገትጌው በላብ ጠቁሯል፤ ካልሲዎቹም አቧራቸውን አላራገፉም። ኢኔዝ ቅርጫቱን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው።

ሬሳው ሲነሳ ሦስቱን ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቁልቋሉን ወደ ጥግ አስጠጋችና ግድግዳው ላይ ያለውን የመቆጣጠሪያ ሳጥን ከፈተች።

«አቶ ክሊት፣ ‹ሁሉም› የሚለውን ተጭነው ቢሆን ሳሎኑም ከመኝታው ጋር ይገባ ነበር። ማሰሮው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የገባው የመኝታ ክፍሉ ብቻ ነው። አንድ ሰው ለብቻው መርጦታል።»

«ተሳስቼ ይሆናላ!»

«ይሆናል። እንግዲያው ይህን ሳሎን ለብቻው ያስገቡልኝ።»

ክሊት አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ። ቁርጥማት ያጣመመው ጣት ነው። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ቆመ። እንደገና ተጫነ፤ እንደገና ቆመ። በሌላው እጁ ሞከረ። ግንባሩ በላብ ራሰ።

«ይህ ቁልፍ ነክተውት የሚተዉት አይደለም» አለች ኢኔዝ። «ጣት ሲነሳ ክፍሉ ባለበት ይቆማል። ዱዌይን የሰሙት ሞተር ደግሞ አንዴም አላቋረጠም። የእርስዎ ጣት አይደለም።»

«እኔን ነው እንዴ የምትይው?» አለ ዱዌይን ደንግጦ።

«ለእርስዎ ሲል ገዳይ ነኝ የሚል ሰው በዚህ ሰፈር የለም፣ አቶ ዱዌይን። አቶ ክሊት የሚሸፍኑት የሚወዱትን ሰው ነው።» ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «ወይዘሮ ቦኒ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ልብስ ውኃ አልነካውም። ሮዲ ማን ነው?»

«ዝም በይ ቦኒ!» አለ ክሊት።

«ልጄ ነው» አለች ቦኒ። «ስንት ዓመት ሙሉ አልደወለልኝም። ‹አስቀይመሽዋል፣ ተይው› ይለኝ ነበር መርል። ዛሬ ቁርስ ላይ ስለ ልጅነቱ ስናወራ ክሊት ‹ሮዲ፣ ነፍሱን ይማረውና› አለ።»

ክሊት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «መርል ነግሬያታለሁ ብሎኝ ነበር። የምታውቅ መስሎኝ ነው።»

«ከዚያ አስለፈለፍኩት። ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ ‹እናቴን አቅርብልኝ› ሲል፣ መርል ‹መንገድ ላይ ነን› እያለ ስልኩን ይዘጋበት ነበር። ሁለቱ ድሮ በተጣሉት ቂም።» ቦኒ አውራ ጣቷን አየችው። «ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ስሜን ነበር የሚጠራው። ጣቴን ባነሳ ይቆም ነበር።»

ኢኔዝ በሥራ ዘመኗ ብዙ ኑዛዜ ሰምታለች። አንዳንዱ የተናገረውን ሰው ሸክሙን ሲያቀልለት አይታለች። ይኸኛው የማንንም አላቀለለም።

«እንሂድ፣ እማማ» አለቻት።

ቦኒ ተነሳችና ክሊት ፊት ቆመች። «ልጄን የት ቀበረው?»

«ሬሳው ተቃጥሎ ነው፤ መርል አመዱን በሳጥን ተረከበ። ለብቻው ነድቶ ሄደና ባዶ እጁን ተመለሰ።» ክሊት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «የት እንደበተነው አልነገረኝም። ለማንም አልነገረም።»

ቦኒ ወደ መኝታው በር ዞረች፤ ከንፈሯ የመርልን ስም ሊጠራ ተላቀቀ። ከዚያ የሚመልስላት እንደሌለ ገባት።

«ሳልጠይቀው!» አለች። «ወይኔ፣ ሳልጠይቀው!»

ኢኔዝ ክንዷን ይዛ አወረደቻት። ቦኒ ከደረጃው ስር ቆመችና በረሃውን ዙሪያውን አየችው። በየትም በኩል አንድ ዓይነት ነበር።