ወንበርን ይዞ መውጣት

ዋና አዘጋጇ የተገኙት በአሮጌ የጆርናል ጥራዞች ተቀብረው ነው። ጣሪያ ሊነካ ምንም ያልቀረው የብረት መደርደሪያ ከነሸክሙ በላያቸው ወድቆ፣ ከክምሩ ሥር የሚታየው ቀኝ እጃቸው ብቻ ነበር። መጀመሪያ የደረሰችው ምክትላቸው ናት። ጥራዞቹን እያነሳች ወደ ኮሪደሩ ስትወረውር፣ ስንቱን ከእሳቸው ጋር ተቀምጣ እንዳረመችው እንኳ ትዝ አላላትም። ፊታቸው ጋ ስትደርስ ነገሩ አብቅቶ ነበር።

ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል፤ በሌሉበት ግን «መቀሷ»። ጥናት ወደ ገምጋሚ ከመሄዱ በፊት የደራሲውን ስም ከወረቀቱ ላይ በመቀስ ቆርጠው ያወጡ ስለነበር ነው። ይህን ኮምፒውተር በቀላሉ እንደሚሠራው ቢነገራቸው፣ ቢለመኑ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ጆርናሉን ማንም ሰው ሳይከፍል ያነበዋል። ለዚህም ነበር የሚያመርሩት፤ በነፃ የምናድለው ነገር የተበላሸ ከሆነ መርዝ ማደል ነው ይሉ ነበር።

ያን ሰሞን እንቅልፍ የነሳቸው የአንድ ሕፃናት ሐኪም ጽሑፍ ነው። ትኩሳት የያዛቸው ጨቅላዎች ከተለመደው በላይ መድኃኒት ቢሰጣቸው ቶሎ ይድናሉ ይላል። በየጤና ጣቢያው ተነበበ፣ ተሠራበትም። ቆይቶ ጉበታቸው የተጎዳ ሕፃናት ወሬ ይመጣ ጀመር። እትዬ በሞቱበት ጠዋት የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጽሑፉ ይሻር ወይስ አይሻር ብሎ ሊወስን ነበር። አባላቱ አራት ናቸው፦ እትዬ፣ ምክትሏ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊና የስታቲስቲክስ ባለሙያው።

ፖሊሶች መጀመሪያ «አደጋ ነው» አሉ። ከዚያ አንድ ሰው፣ ዋዜማውን ምክትሏ እትዬ ላይ ስትጮህ መሰማቷን ነገራቸው፤ ወሬው በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። የተቋሙ ኃላፊ ነገሩ እስኪጣራ በጆርናሉ ድረ ገጽ ላይ ምንም ነገር እንዳይለጠፍ አዘዘ፤ የምክትሏም ኮምፒውተር ታሸገ። መጠርጠሯን ችላው ነበር። ያልቻለችው ግን በዚያች ሰዓት አንድ ነርስ የሆነ ቦታ ያንን ጽሑፍ እውነት ብላ እያነበበች መሆኗን ነው።

መርማሪው ከሰዓት በኋላ መጣ። ጡረታ የደረሰ፣ በጣም አጭር፣ የተሰበረ የመነጽሩን እጀታ በክር ያሰረ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» ይሉታል። አብረውት የመጡት ሁለት ወጣት ፖሊሶች ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ዘርፈጥ ብለው ሲቀመጡ እሱ ቆሞ ቀረ።

«ወንበር የላችሁም እንዴ?» አላት።

«አራት አለን» አለች ምክትሏ።

«እኔ የማየው ሁለት ነው።»

ዞር ብላ አየች። እውነትም ሁለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ ገብታ ስትወጣ ልብ አላለችም።

ስለ ጭቅጭቁ ሲጠይቃት አልደበቀችም። ሐኪሙ የጥናቱን ጥሬ መረጃ አምጣ ሲባል ቀጠሮ ሲያበዛ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከእትዬ ጋር ለብቻቸው ተነጋገሩ። እትዬ ከዚያ ንግግር ሲወጡ ዝም አሉ። እሷም ፈርተው ነው ብላ ጮኸችባቸው።

«ምን መለሱልሽ?»

«ነገ ታዪዋለሽ አሉኝ። በቃ።»

አይቸኩሌ ጥራዞቹ ወደነበሩባት ትንሽ ክፍል ገባ። ግድግዳው እርጥበት ስላለው መደርደሪያው ተጠግቶ አልቆመም ነበር፤ ከኋላው ቀጭን ሰው ሾልኮ የሚገባበት ክፍተት አለ። ግድግዳው ላይ ያለው ኖራ አንድ ቦታ ላይ ተፍቋል። መርማሪው ተጠግቶ ሲለካው ከራሱ አናት በለጠ። ከዚያ ወለሉን አየ። አንደኛው ወንበር እትዬ በወደቁበት ቦታ ተሰባብሯል። ሌላው ከበሩ ጀርባ ደህና ሆኖ ቆሟል፤ ሁለት እግሮቹ ግን በወደቀው መደርደሪያ ተይዘዋል። ቢስበው ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ ክፍል ምንድን ነው?»

«መውጫ እንለዋለን» አለችው። «ኮሚቴው የሚያየው ጉዳይ የሚመለከተው ወይም የሚዘምደው አባል፣ ውይይቱ እስኪያልቅ እዚህ ይቀመጣል። ወንበሩን ይዞ ነው የሚወጣው። ደንቡን ያወጡት እትዬ ናቸው። ባዶ ወንበር ጠረጴዛው ዙሪያ ካለ፣ ሰዉ የሄደውን እያሰበ ይሉኝታ ይይዘዋል ይላሉ።»

«እሳቸው ወጥተው ያውቃሉ?»

«እኔ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ አንዴም።»

መርማሪው መነጽሩን አውልቆ ክሩን አጠበቀና ሌሎቹን ያነጋግር ጀመር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ «አባ ዝምታ» የሚባሉት ሽማግሌ፣ ከጥያቄው ያነሰ መልስ ሰጡ፤ ደረጃው እየከበዳቸው አርፍደው መድረሳቸውን ብቻ ተናገሩ። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ረጅምና ሸንቃጣ ነው፤ ቢሮው ሁሉ «ጋሼ ቁጥር» ይለዋል። የእትዬን ታናሽ እህት ያገባ በመሆኑ ሐዘኑ የቤቱ ነበር። ዐይኑ ቀልቶ፣ ከሁሉም በኋላ ከአባ ዝምታ ጋር ደረጃ ላይ ተገናኝቶ እንደመጣ ተናገረ። ምክትሏ የእትዬን ቦታ ስትመኝ መኖሯን ሲናገር እሷ ራሷ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር።

ሐኪሙ ግን ሐዘን የሚባል ነገር አልነካውም።

«የኔ ጽሑፍ ንክች እንዳይደረግ» አለ። «የነካ ሰው ፍርድ ቤት ያገኘኛል።»

በማግስቱ ከየቢሮው ወንበር ተለቅሞ ሁሉም በስብሰባ ክፍሉ ተሰበሰቡ። የተቋሙ ኃላፊ ሰዓቱን እያየ ገባ። መጨረሻ ላይ የእትዬ እህት መጣች፤ ጥቁር ለብሳ፣ አንድ የተጠቀለለ ነገር በብብቷ ይዛ። ባሏ ቦታ ሲለቅላት አለፈችውና በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ምክትሏ እጇን ልትጨብጣት ፈልጋ፣ ተጠርጣሪ መሆኗ ትዝ ሲላት ተወችው።

«እዚህ ሳይመሽ ጨርሰን እንሂድ» አለ አይቸኩሌ። «መደርደሪያው በራሱ አልወደቀም። ሰው ከኋላው ገብቶ፣ ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ገፍቶታል። ኖራው ተፍቋል። የተፋቀበት ቦታ ከኔ አናት በላይ ነው፤ ምክትሏ ደግሞ ከኔም ታጥራለች።»

ኃላፊው ይህ ማስረጃ ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ብቻውን አይሆንም። ወደ ወንበሮቹ እንምጣ። የኮሚቴው ወንበር ሌላ ሥራ እንደሌለው፣ እንግዳ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ እንደሚቀመጥ ሁላችሁም ነግራችሁኛል። ያን ቀን ግን ከአራቱ ሁለቱ መውጫ ውስጥ ነበሩ። አንደኛው እትዬ የተቀመጡበት ነው። ለምን ወጡ? ጉዳዩ የሐኪሙ ብቻ ቢሆን እዚሁ ጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ ነበር፤ ሐኪሙ አይዘመዳቸውም። ስለዚህ የዚያን ቀን ጉዳይ ሥጋ ወይም አማች ይነካ ነበር።»

ምክትሏ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባት።

«ሁለተኛው ወንበርስ? እሱ ለራሱ ለባለጉዳዩ ነው። ሐኪሙ የኮሚቴ ወንበር የለውም። ወንበር የሚወጣለት አባል ብቻ ነው። እንግዲህ አባልም ዘመድም የሆነውን ፈልጉ። ምክትሏ አባል ናት፣ ዘመድ አይደለችም። የቤተ መጻሕፍቱ አባባም እንዲሁ። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ጋሼ ቁጥር ሳቅ ለማለት ሞከረ። «በወንበር ነው እንዴ ሰው የሚከሰሰው? እኔ ባደርገው ወንበሩን ወደ ቦታው አልመልሰውም ነበር?»

«ልትመልሰው ሞክረህ ይሆናል። መደርደሪያው እግሮቹን ይዞታል፤ መደርደሪያውን ለብቻህ ማንሳት አትችልም። እንዳለ ትተኸው፣ ምክትሏ ሳትደርስ በደረጃው ወረድክና ቆይተህ ከአባባ ጋር እንደገና ወጣህ።» መርማሪው ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ዶክተር፣ ዋዜማውን ለእትዬ ምን ነገርካቸው?»

ሐኪሙ ምንም አላልኩም ብሎ ሙልጭ አድርጎ ካደ። አይቸኩሌ አልተቆጣም። ሰው የሞተበትን ምክንያት ያወቀና የደበቀ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ረጋ ብሎ አስረዳው። ሐኪሙ ቆሌው ተገፈፈ።

«ጥናቱ ላይ ከተቆጠሩት ሕፃናት ግማሹ ጭራሽ አልነበሩም» አለ በመጨረሻ ወደ ጋሼ ቁጥር እየጠቆመ። «ውጤታቸውን የፈጠረልኝ እሱ ነው። ያኔ ለምክትል ዲንነት ተወዳድሮ የኔን ድምፅ ይፈልግ ነበር። ለእትዬ የነገርኳቸው ለቤተሰባቸው ሲሉ ዝም ይላሉ ብዬ ነው።»

«ምን አሉህ?»

«አመሰግናለሁ አሉኝ።»

ምክትሏ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ፈሩ ብላ የጮኸችባቸው ያን ዕለት ነው። እሳቸው ግን በጠዋት መጥተው ሁለት ወንበር ተሸክመው አወጡ፤ የራሳቸውንና የእህታቸውን ባል። እነሱ መውጫ ውስጥ ተቀምጠው ምክትሏና አባ ዝምታ እንዲፈርዱ።

«ቀድሞ ሲመጣ ነገሩት» አለ መርማሪው። «ያንተም ጉዳይ አለ፣ ና አብረን እንውጣ አሉት። የሚወስኑት እስኪደርሱ ሊለምናቸው ጊዜ ነበረው። እንቢ አሉት። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ታውቃላችሁ።»

«በሬ ወለደ ነው» አለ ጋሼ ቁጥር። «ምን ይዘሃል?»

መልሱ የመጣው ከበሩ አጠገብ ነው። ሚስቱ የያዘችውን ጥቅል ፈትታ ኮት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ትከሻው ላይ፣ ስፌቱ ውስጥ፣ ነጭ ኖራ ተሸጉጧል።

«ያን ዕለት ማታ ኮቱን ራሱ በብሩሽ ሲጠርግ አየሁት» አለች። «ይሄ ሰው ከተጋባን ጀምሮ የራሱን ጫማ እንኳ ጠርጎ አያውቅም። ለእህቴ እያለቀስኩ ዐይኔ እሱ ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት መርማሪው ቤታችን መጥቶ ሲጠይቀኝ ነገርኩት፤ ኮቱንም ይዤ መጣሁ።»

ጋሼ ቁጥር አያት፣ ከዚያ ኮቱን አየ። ሁለቱ ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሐኪሙም ቃሉን ሊሰጥ ተከተላቸው። ሚስቱ ዞራ አላየችም።

የተቋሙ ኃላፊ ላቡን ጠረገ። ኮምፒውተሩ እንዲከፈት ፈቀደና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ጽሑፉ ይሻር፣ እሱ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን «በደራሲው ጥያቄ» ተብሎ ቢያልፍ ለተቋሙም ስም፣ ለሟቿ ቤተሰብም ክብር ይሻላል አለ።

«አይሻልም» አለች ምክትሏ።

«ምክትል መሆንሽን አትርሺ።»

«አልረሳሁም። ዛሬ የሚወስነው ኮሚቴው ነው፤ ከኮሚቴው የቀረነው ሁለት ነን። ሕፃናቱ የሉም ነበር። ማን እንደፈጠራቸውና ለምን እንደፈጠራቸው ይጻፋል። ነርሷ መጠኑን እንድትተወው ብቻ ሳይሆን ለምን እንደምትተወው ማወቅ አለባት። ከፈለጉ ነገ ያባርሩኝ። ዛሬ ይለጠፋል።»

አባ ዝምታ እጃቸውን አነሱ። ምክትሏም አነሳች። ኃላፊው ወደ እትዬ እህት ዞሮ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት በሚል ዐይን አያት።

እሷ ወንበሯን ስባ ምክትሏ አጠገብ ተቀመጠች። ምክትሏ ጻፈች፣ ሲያልቅም ጮክ ብላ አነበበች። የሐኪሙ ስም አለ፣ የባለሙያውም ስም ከነአባቱ። ከዚያ «መረጃውን በማዘጋጀት ተሳትፏል» የሚለው ጋ ደረሰች።

«ተሳትፏል አትበይ» አለች የእትዬ እህት። «ፈጠረ በይ። ባሌ ነው፣ እኔ ነኝ የምልሽ። ፈጠረ ብለሽ ጻፊው።»

ምክትሏ ቃሉን አጠፋች፣ «ፈጠረ» ብላ ጻፈች፣ ለጠፈችውም።