ከገመዱ ሥር የነበረው ጎማ

ሪያድ ከጓደኞቹ ጋር ፊልም ሲሠራ፣ የጀግናውን ቀይ ካባ እንደ ለበሰ፣ ሃርጌሳ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ ጅምር ፎቅ ወድቆ ሞተ። ወገቡ ላይ የታሰረው ገመድ ተበጥሷል። እናቱ ወይዘሮ ሳሊሃ ሬሳው አጠገብ ተቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማሉ፤ «ገመዱን ያሰረው ያቤጽ ነው።» ፖሊስም ያቤጽን፣ ኢትዮጵያዊውን የበርበራ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር፣ ማምሻውን ሊወስደው ነው። በሰው አገር ታስሮ ማን ስንቅ ያቀብለዋል?

ወይዘሮ ፈትሂያ ድሬዳዋ ሳሉ መርማሪ ነበሩ፤ ዛሬ ሃርጌሳ ልብስ ይሰፋሉ። ያቤጽ አስጠርቷቸው መጡና መጀመሪያ የገመዱን ጫፍ ዳበሱት። እንደ በቆሎ ጢም ተበታትኖ ሲሚንቶ ለብሷል።

«ከሪያድ ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አሉት ያቤጽን።

«አንዴ ዘለልክ፣ ይበቃል አልኩት እትዬ። እሱ ይደገም አለ። ከዚያ መኪናህ መንገድ ዘግቷል ብለው ጠሩኝና ወረድኩ። ስመለስ ልጁ መሬት ላይ ነው።»

ፊልሙን የምትጽፈውም የምትቀርጸውም፣ ልብስ የምታዘጋጀውም ሳምሳም ናት። ከፎቁ አናት ወደ ታች የቀረጸችውን በስልኳ አሳየቻቸው። ካባው የመጋረጃ ጨርቅ ነው፤ ጓንቱ የዕቃ ማጠቢያ። የነፋሱን ድምፅ በአፋቸው ነው የሠሩት። ቢሆንም ሪያድ ሲዘል ወይዘሮ ፈትሂያ ትንፋሻቸውን ዋጡ። በኮምፒዩተር የተሳለ አይደለም፤ የእውነት ልጅ ነው የሚዘለው። ምነው የሚቆጣቸው አንድ ትልቅ ሰው በኖረ።

ክፉውን ሰው የሚጫወተው ሊባን ጥቁር ልብሱን ገና አላወለቀም።

«በፊተኛው ቀረጻ ታች ቆመህ ስትታይ ቀበቶ የለህም» አሉት። «በሁለተኛው ታጥቀሃል።»

ሊባን አፈረ። «ሰው የሚስቅብን እንዲህ ስንሳሳት ነው። ሳምሳም ናት ከላይ የወረወረችልኝ።»

ቀበቶውን አስፈቱት። የመኪና ጎማ ቁራጭ ነው፤ መሃሉ ላይ ገመድ የፈተገው መስመር አለ።

ሁሉንም ፎቁ ላይ ሰበሰቡ። ወይዘሮ ሳሊሃም ግድግዳ እየያዙ ወጡ።

«ቢላ ቢሆን የገመዱ ጫፍ ልሙጥ ይሆን ነበር» አሉ ወይዘሮ ፈትሂያ። «የቆረጠው ይህ የሲሚንቶ ጠርዝ ነው። ያቤጽ፣ ጭነት ስታስር ገመዱ ጠርዝ ላይ ካረፈ ምን ታደርጋለህ?»

«ጎማ ከሥሩ አደርጋለሁ። እዚህም አድርጌ ነበር።»

«በፊተኛው ቀረጻ ይታያል። በሁለተኛው ጠርዙ ባዶ ነው፤ ጎማው ሊባን ወገብ ላይ ነው። አንተ መኪናህ ዘንድ ነበርክ፤ ሊባንም ታች። ላይ ከሪያድ ጋር የቀረችው አንዷ ብቻ ናት።» ወደ ሳምሳም ዞሩ። «ልጄ፣ ለምን አነሳሽው?»

«ያስጠላ ነበር» አለች ሳምሳም። «ጀግና በአሮጌ ጎማ ተንጠልጥሎ... ባለፈው ፊልማችን ላይ ስንት ስድብ ጻፉብን። ደግሞ ለቀበቶ አማረኝ። ወላሂ ለምን እንደ ተቀመጠ አላወቅኩም።»

ያቤጽ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔም አልነገርኳችሁ። ሹፌር ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መሰለኝ።»

ወይዘሮ ሳሊሃ የያቤጽን እጅ ከፊቱ ላይ አወረዱት። «ለፖሊሱ እኔው እነግረዋለሁ» አሉት። ሳምሳምን ግን ቀና ብለው አላዩዋትም። «የፊተኛውን አሳዪኝ፤ ጎማው ያለበትን።»

ሳምሳም ስልኩን ዘረጋች። ሪያድ ዘለለ፤ ካባው ተነፋ፤ ገመዱ ያዘው።

«ድገሚው» አሉ ወይዘሮ ሳሊሃ።