ሁለት ጎብኚ ብቻ የነበረው ዌብሳይት

መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን አልነበረም። ጭንቅላቱ ሸሚዝ ውስጥ የተቀበረ ረጅም ሰው ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ሱቄ መሀል ቆሞ ነበር።

«እባክሽ... አውጪኝ!»

የዱንጉዛ ሸሚዙን ቁልፎቹን ሳይፈታ ነው ሊለብስ የሞከረው። እየሳቅሁ ከላይ ሳብኩለት። ብቅ ሲል ፀጉሩ ተንጨብሯል፣ ፊቱ ቀልቷል።

«ይቅርታ... ዩኒቨርሲቲ በዓል ስላለ የወላይታ ልብስ ልበሱ ተብለን ነው። ሱቅሽን ለማግኘት ግን አበሳዬን አየሁ። ስልኬ ላይ ብፈልግ ሶዶ ውስጥ ዱንጉዛ የሚሸጥ ሰው ያለ አይመስልም።»

«ገበያው ሙሉ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ኢንተርኔት ግን አያውቅም።»

ተሻገር ይባላል። ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር መምህር ነው። እኔ ደግሞ ፍሬሕይወት ነኝ፤ ሱቁን ከእናቴ ነው የወረስኩት። እናቴ ካረፈች በኋላ ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ ብቻዬን ቀረሁ። ጓደኞቼ ግማሾቹ አግብተዋል፣ ግማሾቹ ሄደዋል። ሐዋሳ ያለችው እህቴ በደወለች ቁጥር «ዝጊውና ነይ» ትለኛለች። እኔም ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ገበያ ካላገኘሁ የሱቁን ቁልፍ ለአከራዬ አስረክቤ ልሄድ ወስኜ ነበር። ከእናቴ ጊዜ ጀምሮ የሚሸምንልን ጋሽ ኤርካሎም ያኔ ሥራ ይፈታል።

ይህን ሁሉ ለማላውቀው ሰው ለምን እንደዘረገፍኩት እንጃ። ዝም ብሎ ስለሰማኝ ይሆናል።

«ዌብሳይት ልሥራልሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን ይዞ መጣ።

«ስሙን ምን እንበለው?»

«ፍሬ ኤክስክሉሲቭ ፋሽን!» አልኩ በኩራት።

ሳቁን ዋጠው። «ቦዲቲ ያለች ሙሽራ ስልኳን ስታወጣ ምን ብላ የምትጽፍ ይመስልሻል?»

«የወላይታ... የባህል ልብስ።»

«በቃ፣ እሱን ነው ከላይ የምንጽፈው። አንቺን ደስ የሚልሽን ሳይሆን እሷ የምትጽፈውን።»

ፎቶዎቼንም አልማራቸውም። «ይሄ ፎቶ በጣም ከባድ ነው። እንደ ሃላሌ ባለ ገጠር ኔትወርክ እስኪከፈት ሙሽራዋ ትወልዳለች!» ደግሞ በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ምን እንደሆነ አስጻፈኝ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱንጉዛ፣ የወንድ ሸሚዝ፣ በእጅ የተሸመነ። «ጎግል እንደ ሰው አያይም፤ አንቺ ንገሪው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ማለት ተሻገር ማለት ሆነ። አንዴ ቀለሙን ሊቀይር፣ አንዴ ስልክ ቁጥሬን ከታች ወደ ላይ ሊያወጣ ይመጣል። ሥራው ሲያልቅ ዝናቡን እያየን እንቀመጣለን።

«ሶዶ ሁሉም ሰው ሰላም ይለኛል» አለኝ አንድ ቀን። «ደግ ሰዎች ናቸው። ግን አንድ ቀን ብቀር... ለምን ቀረህ የሚለኝ የለም።»

አንጀቴን በላኝ። እኔም እንደዚያው ነኝ ልለው ፈለግሁ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ።

ጎብኚዎችን የሚያሳየውን ገጽ ማየት ሱስ ሆነብኝ። ቁጥሩ ይጨምራል። «ዛሬም ገብተዋል!» እያልኩ ስጨፍር ተሻገር አንገቱን ይደፋል። ታዲያ የሚደውል የለም። ዱንጉዛው መደርደሪያ ላይ ተከመረ። ነሐሴ እየተገባደደ ስለነበር ጋሽ ኤርካሎን ሽመናውን ለጊዜው እንዲያቆም ነገርኩት። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ያን ቀን አለቀስኩ።

ነገሩ የፈነዳው በከውሰር በኩል ነው። ከውሰር ጎረቤቴ ናት፤ ከአባቷ ጋር ብርድ ልብስና ምንጣፍ ትሸጣለች። ከቦዲቲ የመጣች ደንበኛዋን ይዛልኝ መጣች።

«ለልጇ ሠርግ ዱንጉዛ ብላ ስልኳ ላይ ብትፈልግ የአዲስ አበባ ሱቅ ብቻ ነው የመጣላት። ያንቺ የት ገባ?»

«እንዴት? የእኔ እኮ ገና ስነካው ነው የሚመጣው!» ብዬ ስልኬን አሳየኋት።

«አንቺማ ሙሉ አድራሻውን ነው የምትጽፊው! የራስሽን ቤት ብታገኚው ምን ይገርማል? እስቲ እንደ ሰው ፈልጊው።»

በእሷ ስልክ «የወላይታ የባህል ልብስ» ብለን ጻፍን። የለም። «ዱንጉዛ ሶዶ» አልን። የለም። የሱቁን ስም ጻፍን... እሱም የለም!

ለተሻገር ደወልኩ። እያለከለከ መጣ።

«ሱቄ የት አለ?»

ላፕቶፑን ከፍቶ አንዲት ትንሽ ሳጥን አሳየኝ። ውስጧ የራይት ምልክት አለ።

«ዌብሳይት ተሠርቶ እስኪያልቅ ጎግል እንዳያወጣው በዚህች ምልክት ይደበቃል። ሲያልቅ ምልክቷ ትነሳለች።»

«የእኔ መቼ አለቀ?»

ላፕቶፑን ሊዘጋው እጁን ሰደደ።

«ተሻገር! መቼ አለቀ?»

«ግንቦት» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ታዲያ የሚገቡት ሰዎችስ? ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩ በገቡ ቁጥር ነው የሚጨምረው፤ ስልኮቹ ግን ሁለት ብቻ ናቸው ፍሬ። አንዱ ቴክኖ ነው... ያንቺ።»

«ሌላውስ?»

«ሳምሰንግ። የእኔ ነው። ቤት ስገባ የማወራው ሰው የለም፤ እሱን ከፍቼ ያንቺን ፎቶዎች አያለሁ። አልቋል ካልኩሽ ደግሞ... በምን ምክንያት እመጣለሁ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ልቤ ይቀልጥ ነበር። ያኔ ግን የታየኝ ባርኔጣውን አድርጎ የወጣው ሽማግሌ ነው።

«እኔ ደንበኛ ስጠብቅ አንተ በር ዘግተህብኝ ነበር! ጋሽ ኤርካሎን ከሥራ አስወጥቻለሁ! ታውቃለህ?»

«አላሰብኩትም... ይቅርታ። አሁኑኑ ላንሳው።»

«አትንካው! እኔ አነሳዋለሁ። አንተ ሂድልኝ።»

ሄደ። ምልክቷን በገዛ ጣቴ አነሳኋት።

ጎግል ዛሬ ነግረውት ዛሬ አያወጣም፤ ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው። በተጠባበቅሁባቸው ቀናት ጎብኚዎቹን ሳይ አሁንም ያው ነበሩ፤ አንድ ቴክኖ፣ አንድ ሳምሰንግ። ማመን ያቅተኝ ነበር። ተቆጥቼ ማየቴን አልተውኩም፤ እሱም ተባርሮ መግባቱን አልተወም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ከአርባ ምንጭ ነው። «የወላይታ የባህል ልብስ ብዬ ፈልጌ ነው ያገኘሁሽ፤ ለጊፋታ ለቤተሰቡ በሙሉ እፈልጋለሁ» አለች አንዲት ሴት። በማግስቱ ከዲምቱ ተደወለ። ከዚያ ከሐዋሳ፣ ከአዲስ አበባ... ጋሽ ኤርካሎ ጋ በባጃጅ በረርኩ። ወደ ሽመናው ሲመለስ ያፏጭ ነበር።

ማታ ሱቁን ዘግቼ ቁጥሩን ከፈትኩ። ጎብኚው በዝቷል፤ ሳምሰንጉም ብዙ ነው። የቱ እሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ጠፋብኝ! ያን ያህል ደስታ መጥቶልኝ የምነግረው ሰው ከሰው መሀል ጠፋብኝ። ያን ምሽት እናቴ የሞተችበትን ሰሞን ያህል ብቸኝነት ተሰማኝ።

ጋሽ ኤርካሎ በነጋታው የተሸመነውን ይዞ ሲመጣ ፊቴን አየና በወላይትኛ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። አዲሱን ዓመት ከሰው ጋር ተኳርፎ መቀበል በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እሱን ሊያስታውሰኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ከዕቃው ሥር አንድ ሸሚዝ አወጣ። ትከሻው ሰፊ፣ እጅጌው ረጅም ነው። የማን ልክ እንደሆነ ገና ሳየው ገባኝ፤ ተሻገርን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ያየው ነበር።

ስልኬን አነሳሁ።

«ሃሎ... ፍሬ? ሳይቱ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ምን ልሥራልሽ?»

ያኔ አልወጣ ያለኝ ቃል ከስንት ጊዜ በኋላ ወጣልኝ።

«ለምን ቀረህ?»

ሲያለቅስ ይሰማኛል።

«ምክንያት... ምክንያት አልነበረኝም።»

«ከእንግዲህ ምክንያት ፈልገህ እንዳትመጣ። ዝም ብለህ ና።»

ዝናብ እየደበደበው መጣ። ጋሽ ኤርካሎ ሸሚዙን ዘረጋለትና በዚያ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው «አንቺ መምህር! ሸሚዝሽ ደርሳለች፣ ልበሺ!» አለው። ተሻገር ከደስታው ብዛት ሸሚዙን እንዳለ በጭንቅላቱ ሊያጠልቅ ብድግ አደረገው።

«ቁልፉን ፍታ መጀመሪያ!» ብዬ ጮህኩ። ሦስታችንም ሳቅን።

«ሁለተኛ ምንም አልደብቅሽም» አለኝ ተሻገር፣ ጋሽ ኤርካሎ እንደወጣ። «እወድሻለሁ ፍሬ።»

«በግንቦት ብትለኝ ምን ነበረበት!» አልኩት፤ ደረቱ ላይ ግን ተደግፌ ነበር።

የሱቁን ቁልፍ ለአከራዬ አላስረከብኩም። በጊፋታ እህቴ ከሐዋሳ መጣች። ከተማው በ«ዮዮ ጊፋታ» የበዓል ጭፈራ ሲናጥ በቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሸሚዝ ደምቆ አጠገቤ የቆመውን ረጅም ሰው ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«የመጀመሪያ ጎብኚዬ ነው» አልኳት። እጁን አልለቀቅሁም።