እየዞረ የሚበስለው ኬክ

ኬኩን የላከው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው። ኬክ ሠሪዋን በፎቶ አይቷት ልቡ ጠፍቷል። የኬክ ቤቱ ባለቤት የሆነችው አክስቷም በስልክ የጋብቻውን ነገር ጨርሳለች ማለት ይቻላል፤ የቀረው የልጅቱ መልስ ብቻ ነው።

«እሑድ ይደውላል። እሺ በይኝ እንግዲህ፣ ልጄ» አለቻት ሳጥኑን እያቀበለቻት።

እሷ እቴ! ዓይኗ ኬኩ ላይ ተተክሎ ቀረ። ቸኮላት የለበሰ፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ረጅም ነገር ነው። ስትቆርጠው ውስጡ ክብ በክብ ላይ የተደረበ ሆኖ አገኘችው።

«ምን ይሉታል ይሄን?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ ውድ ነው።»

በዚያ ሳምንት ኬክ ቤቱ ውስጥ መደርደሪያ የሚሠራ አናጢ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ግን እሷ ስትስቅ መጋዙን ያቆማል። ይህን ካስተዋለች ወዲህ ያለ ምክንያት መሳቅ አብዝታለች።

ኬኩ ከመጣ በኋላ ግን ሳቋ ጠፋ። ስስ ኬክ እየጋገረች ትጠቀልላለች፣ በቸኮላት ትሸፍናለች፤ ሲቆረጥ ይፈርሳል። አናጢው ለሰውየው ብላ ነው የምትለፋው ብሎ ደመደመ፤ በመዶሻ የሚመታው ምስኪን ሚስማርም የሰውየውን ዕዳ ተቀበለ።

ቅዳሜ ዕቃውን ሰበሰበ።

«ጨረስኩ። ደህና ሁኚ።»

«እንዲህ በቁጣ?»

«የምን ቁጣ? ሰውየውን ወደድሽው፤ መልካም ነው።»

«የትኛውን ሰውዬ?»

«ኬኩን የላከውን ነዋ!»

የሳምንቱን ሳቅ በሙሉ ያን ጊዜ ሳቀችው። «ሞኝ! እሱንማ ማን አየው? እኔን ያንገበገበኝ አሠራሩ ነው። ና፣ አንተም እየው።»

የቀረውን ቁራሽ ተቀብሎ ወደ መብራቱ አስጠጋው። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ አስኬደ።

«አልተጠቀለለም» አለ ቀስ ብሎ። «ቢጠቀለል መስመሩ መነሻና መድረሻ ይኖረው ነበር። እዚህ ግን ክቡ ሁሉ ዝግ ነው። እንደ ዛፍ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው ያደገው።»

ቁራሹን ነጥቃ አየችው። ከዚያ ዓይኗ በራ።

«ቀዳዳው የእንጨት ቦታ ነው! ሊጡ እንጨት ላይ እየፈሰሰ፣ እሳት ላይ እየዞረ ነው የሚበስለው! አንዱ ሲበስል ሌላው ይደረባል!»

አናጢው ዕቃውን መልሶ ፈታ። እንጨት አለስልሶ ከሰል ላይ አጋደመ። እሱ ያዞራል፣ እሷ ቀጭን ሊጥ በጭልፋ ታፈሳለች። ሸሚዙም ድርሻውን አገኘ።

«መደርደሪያው አለቀ። ትሄዳለህ ማለት ነው?» አለች ጭልፋውን እያየች።

ማዞሩን ካቆመ ሊጡ ይወርዳል። ስለዚህ ፊቱን ሳይመልስ፣ እጁም ሳያርፍ ተናገረ።

«አንቺ ካልሄድሽ የት እሄዳለሁ? እወድሻለሁ። ይኸው፣ አልኩት።»

«እኔም» አለች። ሌላ ጭልፋ ሊጥም አፈሰሰች።

እሑድ ስልኩ ሲጮህ አክስቷ አቀበለቻት።

«ስለ ኬኩ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ልጅቱ። «እኔ ግን አልመጣም፤ ልቤ እዚህ ነው። ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የኬኩ ስም ማን ይባላል?»

ሰውየው ነገራት። ጨዋ ሰው ነበር።

«ባውምኩኸን» አለች ስልኩን ዘግታ። «የዛፍ ኬክ ማለት ነው አሉ!»

አናጢው ሳቀ። አክስቷ ግን አልሳቀችም። ቸኮላት የለበሰውን ኬካቸውን ቆርጣ ቀመሰች፤ ሁለቱን እያየች ለረጅም ጊዜ አላመጠች።

«በአንድ በኩል አብጧል» አለች በመጨረሻ ወደ አናጢው ዞራ። «የሚቀጥለውን ስታዞር አትቸኩል።»