የታችኛው ሳጥን

ሰላሙ የሞተው ራሱ ባወፈረው የስፒከር ባስ ሥር ነው። የመድረክ ስፒከር እየፈታ፣ የአየር መውጫ ቱቦውን እያስረዘመ ድምፁን ያወፍር ነበር። ሲፈትሽ ከተደራረቡት የስፒከር ሳጥኖች የታችኛውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጀርባው ያዳምጣል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው ወርክሾፑ እንደዚያው እንደተቀመጠ የላይኛው ሳጥን ደረቱ ላይ ወደቀበት።

ሰፈሩ «ሳጥኑ ተራምዶ ገደለው» አለ። ፖሊስ ግን ጎረቤቱን ጋሽ ዲንሳን አሰረ። በባሱ ንዝረት ግድግዳቸው ቢሰነጠቅባቸው «ይሄ ሳጥን አንድ ቀን ይበላሃል» ብለውት ነበርና።

ኢንስፔክተር ሀዊ በሦስተኛው ቀን ስትመጣ የእንጦጦ ጉም ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል። በሁለቱ ሳጥኖች መሀል መነጠፍ የነበረበትን የካላማዳሪ ቁራጭ መደርደሪያ ላይ ተጣጥፎ አገኘችው። ያ ጎማ ከሌለ ሳጥን በባስ ኃይል ይንሸራተታል፤ ሰፈሩ ያን ያህል አልተሳሳተም። ቀጥላ አምፕሊፋየሩን አየች። ጠፍቷል፤ የድምፁ ቁልፍም ዜሮ ላይ ነው።

«ስደርስ መብራት ሄዷል፣ እሱም አልቆለታል» አለ የሥራ ባልደረባው እንድርያስ። «ምንም አልነካሁም።»

የሟች ሚስት ናዲያ ጓዳ ነበረች። «የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ዕቃ የሚያዘዋውር መሰለኝ። ባሱ ግን ቀጠለ። ሳህኖቹ ሲንቀጠቀጡ ቆይተው፣ ቀስ እያለ ጠፋ። አሁንም ስተኛ ከትራሴ ሥር ይሰማኛል።»

ሀዊ ጋሽ ዲንሳን ከጣቢያ አስመጥታ ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበች። አምፕሊፋየሩን አብርታ የታችኛውን ሳጥን አስጮኸችው። መስኮቱ ተርገፈገፈ። ሟቹ አሁንም ተደግፎት የተቀመጠ ይመስል ማንም ወደ ሳጥኑ አልተጠጋም።

«ተራ በተራ አጥፉልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ አላውቅበትም» አሉ ጋሽ ዲንሳ፤ ሶኬቱን ነቀሉት። ናዲያ ማጥፊያውን ስትጫን ሳጥኑ ጓ አለና አስደነገጣት። እንድርያስ ቁልፉን ቀስ አድርጎ እስከ ዜሮ አወረደ፤ ከዚያ አጠፋ።

«ለምን አወረድከው?»

«ካላወረዱት ስፒከሩን ይመታዋል። ልማድ ነው።»

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» አለች ሀዊ። «መብራት ሄዶ ቢሆን ቁልፉ ከፍ እንዳለ ይቀር ነበር። ሳጥን የወደቀበት ሰው ተነስቶ ድምፅ አይቀንስም። ጋሽ ዲንሳ ገመድ ይነቅላሉ። ናዲያ ብታጠፋው ጓ ይል ነበር እንጂ ቀስ እያለ አይጠፋም። እዚህ ነበርክ፤ ጎማውንም ያነሳኸው አንተ ነህ።»

እንድርያስ መዳፎቹን አየ። «ቱቦውን የምለካው እኔ፣ የምቆርጠው እኔ። ሰው ሁሉ ግን ‹የሰላሙ ባስ› ይላል።»

ናዲያ ወደሱ ዞረች። «ከወደቀበት በኋላ ድምፁ ብዙ ቆየ። ለምን ወዲያው አላጠፋኸውም?»

«ስምሽን ይጠራ ነበር» አለ እንድርያስ። «እስኪያቆም ጠበቅኩት።»