ነፋሱ የሚዞርበት ሰዓት

የሟቹ ቁስል ውስጥ የገብስ እብቅ ነበር። ኢንስፔክተር ዮርዳኖስ ከገደሉ ሥር ተንበርክካ ስትመለከተው መጀመሪያ ዓይኗን የያዛት ይኸው ነው።

ሟቹ ስማቸው ይባላል፤ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ፎቶ ቤት የነበረው ሰው ነው። ትናንት ማክሰኞ ማምሻውን በአሥራ አንድ ሰዓት እንጨት ለቃሚዎች እዚህ ወድቆ አገኙት። የመንደሩ ሰው ፖሊስ እስኪደርስ አስከሬኑን እየጠበቀ «አዳልጦት ነው» ብሎ ተስማምቶ አድሯል። ዮርዳኖስ ደግሞ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚስማማበትን ነገር አትወድም። ይህ ጠባይዋ ሹመት አዘግይቶባታል።

«አዳልጦት የወደቀ ሰው እጁና ፊቱ ይጋጋጣል» አለች ለራሷ። «ይህ ግን ከኋላ ነው የተመታው። እብቁም ከደረቀው ደም ሥር ነው፤ ሲመታ ነው የገባው።»

ቀና ብላ አየች። ከአፋፉ ላይ ያለው የሟቹ ቤተሰብ አውድማ ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ጓዴ ትከሻው የሰፋ የአርባ ዓመት ገበሬ ነው። ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ ጠበቃት።

«ትናንት የት ዋሉ?»

«አውድማ ነበርሁ። ከማለዳ ጀምሬ ገብሱን ወደ ነፋስ እየበተንሁ ሳዘራ ቆየሁ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሼ እህሉን አስገባሁ። ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣሁም።»

«ማን አይቶዎታል?»

«ማንም። እናቴ ለቅሶ ሄዳ ነበር።»

«ወንድምዎ ስማቸውስ?»

«ሊሰናበተን ነበር የመጣው። ዛሬ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነበር። ከቀትር በኋላ ብቻውን ወጣ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንን የፊዚክስ መምህር ይጠይቁልኝ፤ ፊልጶስን። ከሥሩ አይጠፋም ነበር።»

እናታቸው ወይዘሮ ውብነሽ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የልጃቸው ሻንጣ እግራቸው ሥር ነው። ዮርዳኖስ ከፈተችው። ከልብሱ ላይ ጫፉ በስድስት ዓይነት ክር የተጠለፈ ነጭ መቀነት ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ይህን ማን ሠራው፣ እማማ?»

«እኔ ነኝ የጠለፍሁለት። በዓል አለብኝ አለኝ፤ ኬፕ ታውን በምትባል ባሕር አጠገብ ያለች ትልቅ ከተማ። በማርያም መቀነት ቀለም አድርጊልኝ አለኝ።» በጣታቸው ክሩን ዳሰሱት። «ሁለት አድርጊው ብሎ ሳቀብኝ።»

ሻንጣው ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። ዮርዳኖስ መልሳ አጣጠፈችው።

ከደጅ የገብስ ነጋዴው ታጁ ለማስተዛዘን መጥቶ ቆሟል።

«ትናንትም መጥተህ ነበር አሉ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ፣ ገብስ ልጠይቅ። ከቤቱ ሰው አጣሁ። ነፋሱ ቆቤን ነጥቆ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አሯሯጠኝ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከመንደሩ በላይ ነው። ገደሉ ከዚያ በተቃራኒ ነው። ዮርዳኖስ አመስግናው ብቻዋን ወደ አውድማው ሄደች። እብቁ በሙሉ የተከመረው በገደሉ በኩል ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ከላይዳው፣ ከእንጨቱ ማዝሪያ አካፋ፣ አጠገብ መንሽ አንሥታ ክምሩን መግለጥ ጀመረች። ከሥሩ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ አገኘች።

ፊልጶስን ያገኘችው ንፋስ መውጫ፣ ከሟቹ ፎቶ ቤት ጓዳ ነው። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ሳይተኛ ያደረ ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርህ?»

«እዚሁ። ብቻዬን።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አሥራ አንድ ጊዜ ደውለህ አላነሣም። መክፈቻ ቁጥሩን ታውቀዋለህ?»

ፊልጶስ ስልኩን ወደ ራሱ ሳበው። አላውቅም ቢል ከግድያው ሊያነጻው የሚችለው ነገር ተዘግቶ ይቀራል። አውቃለሁ ቢል ደግሞ ምሥጢሩ ይወጣል። ያ ምሥጢር በሕግ ፊት ያሳስራል፤ መንደሩ ዘንድ ግን እስር ቤት እስኪደርስም የሚታገሠው የለም። ቁጥሩን ነክቶ ከፈተው።

ስልኩ ላይ አንድ ፎቶ ተገልጦ ቀርቷል። ሰፊ ጎዳና፣ ከበሮ፣ ባለ ስድስት ቀለም ባንዲራ፣ ሕዝብ። ከመካከሉ ስማቸው ፊልጶስን አቅፎ ይስቃል።

«የአምናው ነው» አለ ፊልጶስ። «እንደ እኔና እሱ ያሉ፣ ወንድ ሆነው ወንድ የሚያፈቅሩ፣ ሴት ሆነው ሴት የሚያፈቅሩ ሰዎች በአደባባይ የሚወጡበት በዓል ነው። የኩራት ሰልፍ ይሉታል። ሥልጠና ነው ብለን ዋሽተን ሄድን። ሳምንቱን ሙሉ፣ ከኋላዬ ማን አለ ብዬ አንድ ቀን አልዞርሁም። ዘንድሮ ግን ወንድሜን ዋሽቼ አልሄድም አለኝ። ተው ብዬ ለመንሁት። ትናንት በስምንት ሰዓት ደውሎ ‹አሁን ልነግረው ነው› አለኝ።»

ስልኩም በስምንት ሰዓት መደወሉን መዝግቧል።

«አሁን ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

«እኔ የምፈልገው ነፍሰ ገዳይ ነው። ስለ ሌላው ሰው ግን ልምልልህ አልችልም። ስድስት ተኩል ላይ አውድማው ድረስ ና። ከቀረህ ገዳዩ አንተ ነህ ይላሉ።»

በስድስት ተኩል ሁሉም ተሰብስቧል፤ እናት፣ ጓዴ፣ ታጁ፣ ሽማግሌዎች። ፊልጶስ ሲመጣ ዱላ የያዙ ጎረምሶች መንገድ ለቀውለት ከኋላው ገጠሙ።

ዮርዳኖስ እፍኝ እብቅ አንሥታ በተነች። ነፋሱ ከገደሉ ተነሥቶ ወደ መንደሩ ወሰደው።

«ጠዋት እንዲህ ነው የሚነፍሰው። ትናንትም እንዲሁ እንደነበረ የታጁ ቆብ ምስክር ነው። አቶ ጓዴ ከቀትር በፊት አዝርተው ቢሆን እብቁ በመንደሩ በኩል በተከመረ። ያለው ግን በገደሉ በኩል ነው።»

«አንዳንድ ቀን ይዞራል» አለ ጓዴ።

«ይዞራል። እንጠብቀው።»

ጠበቁ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ረገበ፤ ጥቂት ቆይቶ ከመንደሩ በኩል ተነሣ። ዮርዳኖስ ሌላ እፍኝ በተነች። እብቁ አፋፉን ተሻግሮ ጠፋ።

«እንግዲህ ያዘሩት ከሰዓት በኋላ ነው። ይህ የስማቸው ስልክ ነው፤ በስምንት ሰዓት ተነጋግሮበታል። ያገኘሁት ግን ከእብቁ ሥር ነው። ጠዋት የተበተነ እብቅ በስምንት ሰዓት የወደቀ ስልክ ላይ እንዴት ወጣ?» መንሹን አንሥታ ክምሩን ገለጠች። የደረቀ ደምና ሰው የተጎተተበት ፈለግ እስከ አፋፉ ተዘርግቷል። «ይህን ለመሸፈን ሥራዎን ቀጠሉ፤ ነፋሱም አለበሰልዎ። ከልጅነትዎ ጀምሮ አብሮዎት ስለኖረ ይመሰክርብኛል ብለው አላሰቡም። የመቱበት ላይዳዎም ታጥቧል። ላይዳ የሚያጥብ ገበሬ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ጓዴ አልካደም። ቀስ ብሎ ዞሮ ፊልጶስን አየው።

«ወንድምህን? በምን ምክንያት?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

የጓዴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። አንዲት ቃል ብትወጣ ዱላዎቹ ከፊልጶስ ኋላ ናቸው። ዮርዳኖስ እጇን ወደ ሽጉጧ አስጠጋች፤ አንድ ሽጉጥ ለዚያ ሁሉ ዱላ እንደማይበቃ ታውቃለች።

ጓዴ እናቱን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ።

«በመሬት ነው» አለ።

ስማቸው የመሬት ድርሻውን ከሦስት ዓመት በፊት ለወንድሙ ለቆለታል። ከቆሙት ሽማግሌዎች ሁለቱ ምስክር ነበሩ። አንዳቸውም አልተነፈሱም። ጓዴ ወንድ የሚያፈቅር ልጅ ወንድም ከመባል በመሬት ወንድሙን የገደለ መባልን መረጠ፤ መንደሩም መረጠለት። ዮርዳኖስ ቃሉን ጻፈች። ሐሰት መሆኑን እያወቀች ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው፤ ተናደደች፣ አፈረችም፣ ግን አልሰረዘችውም።

ሽማግሌዎቹ ጓዴን ይዘው ወደ ፖሊስ መኪናው ሲወርዱ ሕዝቡም ተከተለ። ወይዘሮ ውብነሽ ብቻቸውን ወደ ፊልጶስ ቀረቡ። ከነጠላቸው ሥር መቀነቱን አወጡ።

«ሁለተኛው ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም ነበር። ካንተ ዘንድ ነው?»

ፊልጶስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኸንንም ውሰድና ከዚያው በዓል አድርሰው። ቀብሩን አትቆይ፣ ልጄ። ጓዴን አውቀዋለሁ፤ ነገ ቃሉን ለውጦ ስምህን ያነሣል።»

መቀነቱን ጉያው ውስጥ ከትቶ የንፋስ መውጫን መንገድ ያዘ። ዮርዳኖስ ከአውድማው ላይ ሆና እስኪሰወር አየችው። በየሃያ እርምጃው ወደ ኋላው ይዞር ነበር።